የቀጠነ ደም

ልጅ ሳለሁ ጉሮሮዬን ያመመኝ በሽታ
ልቤ ውስጥ ከረመ፣ በሩን እየመታ፤
በሠላሳ ዓመቴ ደረቴን ከፍተው
የብረት መዝጊያ ገጠሙ፣ የሥጋውን አውጥተው።
ሌሊት ቀጭ ቀጭ ሲል ሚስቴ ትሰማለች፣
«ሰዓት የዋጠ ሰው አገባሁ» ትላለች።

ብረት ላይ ደም ይረጋል፤ እንዳይረጋ ብለው
በየማታው አንዲት ክኒን፤ ስሟ ዋርፋሪን ነው።
ደምህ ይቅጠን አሉኝ፣ በወር በወር ይለካ፤
ቁጥሩም በሰማያዊ ደብተር ይሰፍራል፣
ሁለት ተኩል ደህና፣ አራት ያስፈራል።

ከባሕር ዳር ዘጌ ጀልባ ነው የምነዳ፤
እምቦጭ ከሞተሩ ስመዝ ጉልበቴ ተጎዳ።
ከወደቡ ማዶ፣ ከትንሽዬ መድኃኒት ቤት
ዳይክሎፌናክ ገዛሁ፣ ዐሥር ፍሬ፣ ያለ ወረቀት።
ሻጩ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩት።
ደብተሩም ከርሟል፣ አራት ወር ሳልከፍት።

ማክሰኞ ነው። ከረፋዱ አራት ሰዓት።
ገመዱን ከችካሉ እየፈታሁ ነበር።
አልወደቅሁም። ማንም አልመታኝም።
በትከሻዎቼ መሀል ቢላ ገባ፤
ማን ነው ብዬ ዞርኩ፣
ከኋላዬ ያለው ሐይቁ ብቻ።
ከዚያ እግሬ ሞቀኝ፣ ከዚያ ቀለለኝ፣ ከዚያ ጠፋኝ።
«መልሴን ስጠኝ!» እያለ አንድ ተሳፋሪ ይጮሃል፤
እኔ የማስበው፣ እግሬ የት ሄዷል?

ስንሻው «ጅማት ነው፤ ወጌሻ እንጥራ፣
አሽቶ ይመልሰው» ሲል ትርንጎ ደረሰች፣
ደብተሩን በእጇ ይዛ፣ «ወጌሻ አይነካውም! ባጃጅ ጥራ!»

ዶክተር እንጉዳይ በመርፌ ጫፍ
ከአንገቴ ጀምራ ወደ ታች ወረደች።
ይሰማሃል? ይሰማኛል።
ይሰማሃል? ይሰማኛል።
ከጡቴ በታች ስትደርስ ቃል አለቀብኝ።
እዚያ ላይ በእስክርቢቶ መስመር አሰመረች፣
የሐይቅ ዳርቻ ይመስል፣
ከላይ ሰው፣ ከታች ውኃ።
የምትውጠው ምንድን ነው አለችኝ፤ ሁለቱንም ነገርኳት፤
ዐይኗን ለአፍታ ጨፈነች።
ከደሜ የወጣው ቁጥር ሰባት ነጥብ ስምንት።

ኤምአርአዩ ያንኳኳል፣ ልቤም ያንኳኳል፣
የትኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ።
በምስሉ ላይ አሳየችኝ፣
ይህ ገመድ ኅብለ ሰረሰርህ ነው፤
ከጀርባው የተኛው ግን ደም ነው።
ብዙ አይደለም፣ አንድ መለኪያ አይሞላም፤
ጭንህ ላይ ቢፈስ በልዞ ይጠፋ ነበር፣
እዚህ ግን ዙሪያው አጥንት ነው፣ መሄጃ የለውም።
ገባኝ። እምቦጭ ወሽመጡን ሲሞላ አይቻለሁ፤
ዓሣውን ማንም አይወጋውም፣ ትንፋሽ ነው የሚያጣው።
«ከጀመረህ ስንት ሰዓት?» «ስድስት።»
ሰዓቷን አየች፣ በሩን አየች።

የቀጠነ ደም ግን ቢላ አያስደፍርም፤
መጀመሪያ ማወፈር፣ ቫይታሚን ኬ በደም ሥር፣
ፕላዝማ፣ አራት ከረጢት።
የደም ባንኩ ምትክ ሲጠይቅ
ስንሻው ወደቡን ይዞ መጣ፤
ያ መልሱን ያልሰጠሁት ተሳፋሪ እንኳ
እየተነጫነጨ ክንዱን ዘረጋ።

ሌሊት የጀርባዬን አጥንት እንደ ጀልባ ሳንቃ አነሡት፣
እንደ ጉበት የረጋውን ጠረጉት።
ገመዱ ተነፈሰ አሉኝ። እኔ አላየሁም።
በዘጠነኛው ቀን የቀኝ አውራ ጣቴ
ብርድ ልብሱን ገፋች፤ ጮኸች ባለቤቴ።

ዛሬ በምርኩዝ ነኝ። ጀልባውን ስንሻው ይነዳል፤
እኔ ቲኬት እቆርጣለሁ፣ የማንንም መልስ አላስቀርም።
ክኒኗን አልተውኳትም፣ በሩ ብረት ነው፤
ደሜ ቢወፍር ልቤን፣ ቢቀጥን ጀርባዬን፤
በሁለት ተኩል ላይ
ደንገል ታንኳ ላይ እንደ ቆመ ሰው
ሚዛኔን ይዤ እኖራለሁ።

ማታ ማታ ከወደቡ ጫፍ
እግሮቼን ውኃው ውስጥ እሰዳለሁ።
ቀኙ «ቀዘቀዘ» ይለኛል።
ግራው ሐይቁን የሚያውቀው
ቀኙ ሲያወራ ሰምቶ ነው።